በጾም የዋጥኩት ቫይታሚን

ኮልፌ ጫማ እሸጣለሁ። አንድም ጾም አላሳልፍም፤ ሲፈሰክም ስጋና ወተት ብዙ አያምረኝም። ድካም ሲበዛብኝ አንዲት ከዱባይ ዕቃ የምታመጣ ደንበኛዬ «ጋሼ፣ ደምህ አንሶ ነው። ይሄ ተራው ፎሊክ አሲድ እንዳይመስልህ፣ አክቲቭ ፎሌት የሚሉት ደም የሚተካ ቫይታሚን ነው» ብላ አንድ ብልቃጥ ሸጠችልኝ። እኔም ጫማዬን እንዲሁ እያሞገስኩ ነው የምሸጠው፤ ቢሆንም አመንኳት። እውነትም ድካሙ ቀለል አለኝ፣ ፊቴም ወዝ አወጣ። አንዱ እንክብል ይህን ከሠራ ብዬ ጨመርኩበት።

ቆይቶ እግሬ መደንዘዝ ሲጀምር ቁጭ ብዬ ስለምውል ነው አልኩ።

አንድ ቀን ከሱቅ ወጥቼ ወደ ታክሲ ፌርማታው ስሄድ ጎረቤቴ ነጋዴ ከኋላዬ ተጣራ። «አንተ፣ ጫማ በነጻ ማደል ጀመርክ እንዴ?»

ዞር ስል አንዱ ነጠላ ጫማዬ መንገዱ መሃል ቀርቷል። በባዶ እግሬ ጠጠር ላይ ቆሜአለሁ። ጠጠሩን አየዋለሁ እንጂ አይሰማኝም። ሰው ሳቀ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

በማግስቱ ክሊኒክ ሄድኩ። ደሜ ተመረመረ። ሐኪሟ ብልቃጡን እያገላበጠች «ይህን ማን አዘዘልዎት?» አለችኝ።

«ገበያው።»

አልሳቀችም። «ፎሌት እኮ ከምስሩም ከጎመኑም ያገኛሉ። የጎደለዎት ቫይታሚን ቢ አሥራ ሁለት ነው፤ እሱ ደግሞ ከስጋ፣ ከእንቁላል፣ ከወተት ነው የሚገኘው። እንክብሉ የደም ማነሱን ሸፈነልዎት፤ ነርቭዎ ግን ውስጥ ውስጡን ሲጎዳ ቆየ። መጀመሪያ ተመርምረው ቢሆን ኖሮ ይህን ብቻውን አይወስዱም ነበር።»

«እግሬ ይመለሳል?»

«የቢ አሥራ ሁለቱን መርፌ ዛሬውኑ እንጀምራለን። ምን ያህል እንደሚመለስ ግን አሁን ልነግርዎት አልችልም።»

ዋጋው ያልተነገረኝ ነገር ያስፈራኛል።

ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት ዓይኔን አስጨፍና የእግሬን ጣቶች ትቆነጥጣለች፤ እኔ የትኛው እንደሆነ እነግራታለሁ። ትናንት አውራ ጣቴን አወቅሁት፣ ደስ አላት። ዛሬም ጨፍኜ ጠበቅሁ።

«ጀምሪ እንጂ» አልኳት።

ዓይኔን ስገልጥ ለካ ትንሿን ጣቴን አጥብቃ ይዛለች፤ ቆዳዬ ከጥፍሯ ሥር ነጥቷል።