ጋቢዬና ሁለተኛው መብራት

ጠመኔውን እንኳ ሳላስቀምጥ ነው ፖሊሶች ከማስተምርበት ክፍል የወሰዱኝ። ጥፋቴ የታሰሩት ሁለት ተማሪዎቼ የት እንዳሉ በስብሰባ ላይ መጠየቄ ነበር። የታሰርንበት ክፍል ለስምንት ሰው ይጠባል፤ እኛ ሃያ አንድ ነበርን። የአርባ ምንጭ ሙቀት ከቆርቆሮው ሥር ይታመቃል። እናቴ የፈተለችውን፣ አባቴ ኦቾሎ መንደራችን ሆኖ የሸመነውን ነጭ ጋቢ እንደ ፍራሽ አነጥፈው ነበር።

አጠገቤ የሚተኙት አዛውንት ፎቶ አንሺ ናቸው። የአንድ ሰልፍ ፎቶዎችን አላስረክብም ብለው ከነካሜራቸውና ከነፎቶ መብራቶቻቸው ተይዘዋል። በመስኮቷ ብርሃን ፊቴን እያዞሩ ሙያቸውን ያስረዱኝ ነበር።

«ዋናው መብራት ከጎን መጥቶ የፊትን ቅርጽ ያወጣል። ሁለተኛው ከወዲያ ማዶ ሆኖ ጥላውን ያሳሳል። ሁለተኛው ከሌለህ ነጭ ጨርቅ ይበቃል፤ ብርሃኑን ይመልሰዋል። እብጠትም ይሸሸጋል። ደንበኛ ግን ይህን አያውቅም፣ መምህር። ፊቴ በራ ወይ ብቻ ነው የሚለው።»

በአራተኛው ቀን መርማሪው ግራ ጉንጬን በቡጢ አሳበጠው። በማግስቱ ሁለታችንንም ቢሮው አስጠራን። ለፍርድ ቤት «ታሟል እንጂ ማንም አልነካውም» ብሎ በእኔ ፋንታ ፎቶዬን ሊያቀርብ ነው።

«ጉንጩ ላይ ምንም እንዳይታይ» አላቸው። «ካሜራህን የምታገኘው ያኔ ነው።»

ከመብራቶቹ አንዱ ሲጫን ተሰብሯል። አዛውንቱ መሬት መሬት እያዩ ነጭ ጨርቅ ያስፈልጋል አሉ። መርማሪው ጋቢዬን አስመጣ። አንድ ወጣት ፖሊስ በግራዬ ዘርግቶ ያዘው። የአባቴ ድካም የዚያን ሰው ቡጢ ሊሸፍን ተዘረጋ። ጉንጬን ሲመታኝ እንኳ እንደዚያ አልተናደድኩም።

መርማሪው ስልክ ተደውሎለት ጀርባውን ሲሰጠን፣ ለፖሊሱ ጋቢውን አባቴ እንደሸመነልኝ በጋሞኛ ነገርኩትና እጄን ዘረጋሁ። ጫፉን በጣቱ ዳሰሰ፤ የሸማኔ ልጅ ሳይሆን አይቀርም። ሰጠኝ። በአራት አጥፌ ጭኔ ላይ አኖርኩና ቀና አልኩ።

አዛውንቱ አዩኝ። ካሜራቸውን እንደሚያጡ ያውቃሉ። አነሱኝ።

መርማሪው ተመልሶ ምስሉን ከካሜራው ጀርባ ባለው ትንሽ መስታወት አየ። «በርቷል» አለ። እውነት ነው፣ ግማሽ ፊቴ በርቶ ነበር። በሌላው ግማሽ እብጠቱ ጥላውን ጥሎ ቁጭ ብሏል።

ዳኛዋ ፎቶውን አይተው «በአካል አምጡት» ማለታቸውን በኋላ ከጠበቃዬ ሰማሁ። በሁለት ሳምንቴ ተፈታሁ። ካሜራው ግን አልተመለሰም። ሲቀላ ሰፈር ያለው የአዛውንቱ ፎቶ ቤት እስከ ዛሬ ዝግ ነው፤ ባለፍኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ሰው መመታቱን ለማስረዳት የብርሃን ትምህርት ሊያስፈልገው አይገባም ነበር።

በቅርቡ አንድ ዝናባማ ጠዋት ክፍል ውስጥ ስለ ብርሃን ሳስተምር፣ አንዲት ተማሪ ጥላ የሚያሳሳ ነጭ ነገር ፈልጋ ወንበሬ ላይ ወዳለው ጋቢ እጇን ዘረጋች።

«እሱን ተዪው» አልኳት። «ወረቀት ተጠቀሚ።»