የአባ ሜትር መጠቅለያ

አባ ሜትር የቁስሉን መጠቅለያ የሚቆርጠው ራሱ ነበር። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት የከሰል ካውያ ተከፍቶ ፍሙ ቀኝ ቅልጥሙ ላይ ፈሰሰ። ቁስሉ ደረቀ ሲባል ይከፈታል፣ ሻረ ሲባል ያመረቅዛል። ልብስ ሰፊ ቁርጥራጭ ጨርቅ አያጣም፤ ስድስት ሳንቲ ሜትር ስፋት ቆርጦ፣ ጠርዙን ቀምቅሞ መሳቢያ ውስጥ ይደረድራል። ልኩ ሃያ ዓመት ሙሉ አልተለወጠም።

ባለፈው ክረምት ጠበበው።

«ይሄ ጨርቅ ውኃ ሲነካው ይሰበሰባል» ብሎ ስምንት አደረገው። ከሁለት ወር በኋላ አሥር። ጨርቁን የሸጠለትን ነጋዴ ሱቁ ድረስ ሄዶ ሰደበው።

መጠቅለያዎቹን የምታጥበው ሚስቱ ናት። ድሮ መግል ነበር፤ አሁን ደም አለው፣ ሽታውም ሌላ ነው።

«ጨርቁ አልጠበበም፤ ቁስሉ ነው የሰፋው» አለችው።

«ሃያ ዓመት የማውቀው ቁስል ነው።»

«እኔንስ ሠላሳ ዓመት ታውቀኝ የለ? ልኬ ያው ነው?»

በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰደችው።

ሐኪሟ የቁስሉን ዳር ዳሰሰች። ጠጥሯል፣ ወደ ውጭ ተገልብጧል። ከሥጋው ጥቂት ቆንጥራ ለምርመራ ላከች። ውጤቱ በሁለት ሳምንት መጣ፤ የቆዳ ካንሰር።

«ሳይድን ዓመታት የቆየ ቁስል አንዳንዴ ወደዚህ ይለወጣል» አለችው። «አጥንት ነክቷል። ከጉልበትዎ በታች መቆረጥ አለበት።»

«የስፌት መኪናዬን የምረግጠው እኮ በሱ ነው።»

«ከዘገየን ወደ ሌላው ሰውነትዎ ይሄዳል። የዛሬ ዘጠኝ ቀን ቦታ አለኝ።»

«ልይና» ብሎ ሳይፈርም ወጣ።

ቤቱ ገብቶ ቀኝ እግሩን በርጩማ ላይ ሰቀለና የስፌት መኪናውን በግራው ረገጠ። መንኮራኩሩ ወደ ኋላ ዞረ፤ ክሩ ተበጠሰ። በሁለተኛው ቀን አሥራ አንድ ጊዜ ተበጠሰ።

«መኪናው ምን በደለህ?» አለች ሚስቱ።

«ዝም በይ፣ እየቆጠርኩ ነው።»

በአምስተኛው ቀን አንድ ክንድ የሚሆን ቀጥ ያለ ስፌት ወጣለት። በስምንተኛው የራሱን ግራጫ ሱሪ አወጣ፤ ሐኪሟ በጣቷ ያሳየችው ቦታ ድረስ ለክቶ ቀኙን ቆረጠ፤ ቀመቀመው።

«ልኩን ብትስትስ?» አለች ሚስቱ።

«እጥፋት ትቼለታለሁ።»

በዘጠነኛው ቀን ፈረመ።

አሁን በግራው ይሰፋል። ሐኪሟ በየሦስት ወሩ ታየዋለች። የሱሪው ቀኝ እግር ሁለት ሳንቲ ሜትር ረዝሞበታል። በጨርቁ አላሳበበም።