የማያጨስ ሰው መተርኮሻዎች

ረፋቃት ሲጋራ አፉ ላይ አድርጎ አያውቅም። ጎረቤት ሲያጨስ እንኳ የሚያስለው እሱ ነው። ቤቱ ውስጥ ግን ከመቶ በላይ የሲጋራ መተርኮሻ አለ፤ ግድግዳው ላይ፣ የመስኮቱ ደፍ ላይ፣ የዱቄቱ በርሜል ላይ ሳይቀር። የሕንዷ ሞራዳባድ የናስ ከተማ ናት፣ ናስ የሌለበት ቤት የለም። መተርኮሻ ግድግዳ ላይ የሰቀለ ግን እሱ ብቻ ነው።

ሥራው ናስ መቅረጽ ነበር። በአሥራ ሁለት ዓመቱ መሮ ይዞ አጎቱ አጠገብ ተቀመጠ፣ ሠላሳ ዓመት ከዚያ አልተነሳም ማለት ይቻላል። ሐረግ፣ አበባ፣ ጣዎስ ወፍ ይቀርጻል። መተርኮሻው ቀለም ይሞላበትና በሳጥን ታሽጎ ወደ ፈረንጅ አገር ይሄዳል። ኋላ ባሕር ማዶ ያለው ሰው ማጨሱን ተወ መሰለኝ፣ ትእዛዙ ጠፋ። የሻማ ማስቀመጫ መጣ። እሱንም ማሽን ወሰደው።

አንድ ቀን ቁራሌው ከሉ ዘንድ ሄዶ ሳለ፣ ለማቅለጫ ከተከመረው ናስ መሃል አንገተ አጭር ጣዎስ ያለበት መተርኮሻ አየ። እጁ ላይ ይዞት ቀረ።

"ይሄ የነቢ ጃን እጅ ነው" አለ። "ነፍሱን ይማረውና፣ አንገት ማስረዘም አይሆንለትም ነበር።"

"ኡስታድ፣ ነገ ቀልጦ የቧንቧ መክፈቻ ይሆናል" አለ ከሉ፤ የሙያ አለቃን "ኡስታድ" ነው የሚሉት። "ያኔ አንገቱ ይረዝማል።"

ረፋቃት ቤቱ ሄዶ በልኩ የሚመዝን ድስት አምጥቶ ለወጠው። ሚስቱ ቢልቂስ ድስቷን አንድ ሳምንት ሙሉ ፈለገች።

እንዲህ ጀመረ። ፊደል አይለይም፤ ከሥራቸው የተጻፈው ምን እንደሆነ አያውቅም። እጅ ግን ያነባል። ይሄኛው ግራኝ ነው፣ ያኛው መሮው የደነዘ ነው፣ ያኛው ቸኩሎ ነው ይላል። ብዙዎቹ ሞተዋል። ስማቸውን የጻፈላቸው የለም።

ታዲያ ቪነይ የሚባል ሰው የአያቱን አሮጌ ቤት የእንግዳ ማረፊያ ሊያደርግ መጣ። ከሉ ይዞት ገባ። ቪነይ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር አየ።

"ስልሳ ስጠኝ" አለ። "መግቢያዬ ላይ ልደርድራቸው። ቀዩና አረንጓዴው ቀለም ከሩቅ ይጠራል። ከጎኑ ሰሌዳ እሰቅልና የሠሪዎቹን ስም አጽፋለሁ። እሑድ ነው የምከፍተው።"

ከረፋቃት አፍ እንግዳ ፊት ቃል የሚወጣው በገመድ ተጎትቶ ነው። "እሺ" ሲል ራሱም አልሰማውም። ያን ቀን ግን እህል አልበላም፤ ስሞቹን በጣቱ ሲቆጥር ዋለ። ነቢ ጃን። ግራኙ ሽምሹ። አጎቱ።

ምራቱ ተሕሚና ባዳዩን ከሚባል ከተማ ከመጣች ሦስት ወሯ ነው። እዚያ ናስ ማለት ድስትና ሰሃን ነው። ድስት ሲጠቁር በሮቃ ጎምዛዛ ፍሬና በአመድ ይታሻል፣ በፈላ ውሃ ይታጠባል፣ አለቀ። ረቡዕ ረፋድ ላይ ረፋቃትና ቢልቂስ ለቅሶ ቤት ሲሄዱ ልጅቷ አሰበች፤ አማቴ ይህን ያህል የጓጓለትን ነገር ላሳምርለት አለች። ውሃ አፈላች። ለቪነይ የተመረጡትን ስልሳውንም ጨመረች።

ሲመለሱ ግቢው ያበራል። ስልሳ መተርኮሻ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል፣ ዓይን ይወጋል። ሳፋው ውስጥ ደግሞ ቀይና አረንጓዴ ፍርፋሪ ተንሳፍፏል።

"አባዬ፣ ከሱቅ የመጡ አላስመሰልኳቸውም?" አለች ተሕሚና፣ እጇ እስከ ክንዷ አመድ ሆኖ።

ቢልቂስ አፏን ያዘች። ቀለሙ ሙጫ ነው፤ ሙቀት ያቀልጠዋል። ይህን ሰፈሩ ውስጥ የአምስት ዓመት ልጅ ያውቃል። ለተሕሚና ግን ማን ነገራት?

ረፋቃት አንዱን አነሳ። "ውሃው... ፈልቶ ነበር?"

"አዎ አባዬ፣ ተንተክትኮ።"

"እ" አለና ተቀመጠ።

ልጅቷ ፊቱን አይታ ገባት። ማልቀስ ጀመረች። ከሉም በዚያው ሰዓት ደረሰ፣ የሱ ነገር መቼ ይጠፋል። "እሰይ፣ እንደ ሙሽራ ታጥበው ጠበቁኝ! በኪሎ ልውሰዳቸው?"

"አንተ ቁራሌ፣ አንተን በኪሎ ሳልሸጥህ ውጣ!" አለች ቢልቂስ። ከዚያ ወደ ምራቷ ዞረች። "አንቺም ለቅሶውን ተይው፣ ለቅሶ ቤት ውለን ነው የመጣነው። ከሰል አቀጣጥዪ።"

ቢልቂስ ከማግባቷ በፊት ቀለም ሞዪ ነበረች። ቀራጮቹ ሱቅ ተቀምጠው ይቀርጻሉ፤ ቀለሙን የሚሞሉት ሴቶቹ ናቸው፣ ቤታቸው፣ ልጅ እያጠቡ። ከሳጥኗ ሥር እንደ እንጨት የደረቁ ባለቀለም ሙጫዎቿን አወጣች። ናሱን ከሰል ላይ አሞቀች፣ ሙጫውን ስታሸው ቀልጦ በመስመሩ ውስጥ ሮጠ። ሲበርድ የተረፈውን ፋቀችው። እጇ አልረሳም።

"ያዥ" አለቻት ተሕሚናን። "እንዲህ አይደለም! ቂጣ እየቀባሽ ነው እንዴ? ቀስ።"

ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ ሞሉ። ረፋቃት ከሰል ያራግባል። ቅዳሜ ማታ ቢልቂስ ጣቷን እየነፋች "የኦዋይስ አባት" አለችው፣ በልጃቸው በተሕሚና ባል ስም። "ሰሌዳው ላይ የቀራጮቹ ስም ብቻ ነው?"

"ሌላ የማን አለ?"

ቢልቂስ የሚቀጥለውን መተርኮሻ አነሳች። ረፋቃት የተቃጠለ ጣቷን አየና ራሱ ገባው። አፈረ።

እሑድ ጠዋት አርባ አንዱ አልቋል፣ አሥራ ዘጠኙ ባዶ ነው። ሊወስዳቸው የመጣው ቪነይ ባዶዎቹን አይቶ ፊቱ ተቋጠረ።

"ግማሹ መላጣ ነው እኮ።"

ረፋቃት ላብ አጠመቀው። ሚስቱና ምራቱ በሩ ጋ ቆመዋል። "መላጣው ላይ የቀራጩ እጅ ይታያል" አለ። ላቡን ጠረገና እንደገና ጀመረ። "ቀለሙ ላይ የሞዪዋ። ሁለቱም ይሰቀል። ስማቸውም... የሴቶቹም ይጻፍ። ያለዚያ አልሰጥም።"

በዕድሜው ይህን ያህል ተናግሮ አያውቅም። ቪነይ ባዶውንና ሙሉውን ጎን ለጎን ይዞ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለ። አየ። ከዚያ ወረቀት አወጣ።

"ከሴቶቹ ልጀምር። የመጀመሪያዋ ማን ናት?"

እነሱ ዘንድ ሰው የሚስቱን ስም በባዕድ ፊት አይጠራም። ረፋቃት መሬት መሬት አየ፣ ጆሮው ቀላ።

"ቢልቂስ" አለ። "ቢልቂስ ናት። ሁለተኛዋ ተሕሚና።"

"አባዬ፣ እኔማ አበላሸሁ እንጂ!" አለች ልጅቷ ከበሩ።

"ዝም በይ" አለች ቢልቂስ፣ ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ። "ሲጽፍ አታቋርጪው።"