ወፍራሙ መጽሐፍ

ልጅ እያለሁ ወፍራም መጽሐፍ ከቀጭኑ ሁልጊዜ የሚበልጥ ይመስለኝ ነበር። ያደግሁት ቢቸና ነው። አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ፤ ተማሪዎቻቸው ከግቢያችን ጀርባ ባሉት ጎጆዎች ያድሩ ነበር። አዲስ የመጣ ተማሪ የሚጀምረው ሁለት ቤት ብቻ ካላት ከጉባኤ ቃና ነው። እሷን ሳያጠራ ወደ ረጅሙ መወድስ የተንጠራራ እንደሆነ አባቴ "ውረድ" ይሉታል፤ ሌላ ቃል አይጨምሩም። ይህን "ውረድ" ፊደል ከመቁጠሬ በፊት ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ።

ቼዝ ያስተማሩን ከሐረር ተመድበው የመጡት የሒሳብ አስተማሪያችን መምህር ጀማል ነበሩ። ከጠጠሮቻቸው አንድ ወታደር ጠፍቶባቸው በምትኩ ቆርኪ ያቆሙ ነበር። ታላቅ እህቴ ይታይሽ ያቺን ቆርኪ ትወዳታለች፤ ሁልጊዜ ከእሷ ወገን እንድትሰለፍላት ትፈልጋለች። እጇ ፈጣን ነበር። ስታሸንፈኝ "በይ ንጉሥሽን ይዘሽ ወደ ጓዳ፣ አንቺ ጉረኛ!" እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ስምንተኛ ክፍል ሳለች ከጉንደ ወይን ጠያቂ መጣ፤ አባቴም እሺ አሉ። መምህር ጀማል ይህን ሲሰሙ ቤታችን ድረስ መጡ።

"የኔታ፣ ይህች ልጅ አእምሮ አላት። ሁለተኛ ደረጃ ትግባ" አሉ።

አባቴም "ሞጣ ላይ የትምህርት ቤቶች ውድድር አለ ይላሉ። አንደኛ ወጥታ ትምጣና ሠርጉን አቆየዋለሁ። ካልሆነ የሰጠሁትን ቃል አላጥፍም" አሉ።

ለውድድሩ አንድ ወር ቀርቶ ነበር። ይታይሽ ከታጨች ወዲህ ከቤት እንዳትወጣ ስለተከለከለች የምትለማመድበትን መጽሐፍ የማመጣላት እኔ ሆንኩ። መምህር ጀማል የጣውላ ሣጥናቸውን ቁልፍ ሰጡኝ። "ሁለት የጥያቄ መጽሐፍ አለ። ከአንዱ አሥር ጥያቄ ታይ። ስድስት ሰባቱን ከፈታች የእሷ መጽሐፍ ነው። ሁለት ብቻ ከፈታች መልሺውና ሌላውን ውሰጂላት" ብለውኝ ወደ ክፍል ገቡ።

ሣጥኑ የናፍታሊን ሽታ ነበረው። ቀጭኑ መጽሐፍ ሽፋኑ ተቀዳዷል፤ በየገጹ ትልልቅ ሥዕል፣ በአንድ ወይም በሁለት እርምጃ የሚያልቅ ጥያቄ ነው። ወፍራሙ ጠንካራ ሽፋን አለው፤ ጥያቄው ስድስትና ሰባት እርምጃ ይሄዳል። የእህቴ ነገር ትልቅ ስለሆነ ትልቁን ያዝኩ። በማግስቱ አሥር ጥያቄ ሞከረች። አንዱን ፈታች። እኔም አልመለስኩትም፤ "ለምደሽው ነው የሚቀልሽ" አልኳት።

አንድ ወር ሙሉ ጥጥ እየፈተለች መጽሐፉን በሙዳዩ ላይ ዘርግታ ታየው ነበር። መጀመሪያ ትስቅ ነበር፤ ኋላ ሳቁ ቀረ። አንድ ቀን "ድሮም የማውቅ መስሎኝ ነው እንጂ አላውቅም" አለችኝ። አባቴ በዚያ በኩል ሲያልፉ ቆም ብለው መጽሐፉን አዩት፤ ከዚያም እሷን አዩ። ምንም ሳይሉ ወጡ።

ሞጣ የሄድነው ከመምህር ጀማል ጋር በጭነት መኪና ነው፤ አባቴ የፈቀዱላት እኔም አብሬያት ከሄድኩ ብቻ ነበር። ይታይሽ ሁለት ልጆች አሸንፋ ለመጨረሻው ግጥሚያ ደረሰች። ተጋጣሚዋ ጥፍሩን የሚበላ የሞጣ ልጅ ነበር። ከጀርባዋ ቆሜ አየሁ፤ የልጁ ንጉሥ በገዛ ወታደሮቹ ታጥሮ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ግንብ የሚባለውን ጠጠሯን ወደ መጨረሻው መስመር ብታወጣ ጨዋታው አለቀ። መምህር ጀማል መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጉ ጀመር። እሷ ግን ብዙ አሰበች፤ ወፍራሙ መጽሐፍ ላይ እንዳየችው ንግሥቷን ሠዋች። ልጁ ግራ ተጋብቶ ንግሥቲቱን በላት። ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም፤ ተሸነፈች።

"ምን አመለጠኝ?" አለች።

መምህር ጀማል ጠጠሮቹን መልሰው ግንቧን አወጡላት። ይታይሽ ለአፍታ አየችውና "ይቺማ ቀላል ናት" አለች።

ስንመለስ መኪናው ላይ መምህር ጀማል ወደ እኔ ዞረው "ይህ በቀጭኑ መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አለ። የትኛውን ነው የወሰድሽላት?" ሲሉ ጠየቁኝ።

"እኔ ነኝ ወፍራሙን አምጪልኝ ያልኳት" አለች ይታይሽ። እኔን አላየችኝም።

በጥር ተዳረች። በሁለተኛው ዓመት ጉንደ ወይን ላይ በወሊድ ሞተች፤ ልጁም አልተረፈም። እኔን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ሲመጡ አባቴ ከበር መለሷቸው፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እስክጨርስም ተዉኝ። ምክንያቱን አልነገሩኝም። ብዙ ዓመት ቆይቶ ዓይናቸው ጠፍቶ እጃቸውን ይዤ ቤተ ክርስቲያን ስወስዳቸው መንገድ ላይ ቆሙ። "ያን መጽሐፍ አይቼው ነበር። ተማሪዬ ቢሆን ውረድ እለው ነበር" አሉኝ። ቀጥለን ሄድን።

አሁን የምኖረው ሞጣ ነው፤ ከመዝገብ ቤት ሥራ ጡረታ ወጥቻለሁ። የልጄ ልጅ ሐና አብራኝ አለች። ዛሬ አሥራ ሦስት ዓመት የሞላትን ልጅ ለጋብቻ የሚጠይቅ ቤቴ አይመጣም። ነገር ግን በአካባቢው ግጭት የተነሳ ትምህርት ቤቷ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ መንገዱም እንደዚያው። የምትወዳደርበት ቦታ የላትም፤ ኢንተርኔት ከጠፋ ጀምሮ በስልኳ የምትጫወተውም ቀርቷል። ባለፈው መንገድ ሲከፈት አጎቷ ከባሕር ዳር ሁለት የቼዝ መጽሐፍ አመጣላት። እጇ የሄደው ወደ ወፍራሙ ነው።

"አሥር ሞክሪ" አልኳት። ሁለት ፈታች። ተቀብዬ ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት።

"እማማ ደግሞ! ቀጭኑ እኮ የሕፃን ነው" ብላ አኮረፈች።

ሲመሽ ግን ቀጭኑን ከፈተችው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ንጉሡ በወታደሮቹ ታጥሮ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ግንቡን በጣቷ ወደ መጨረሻው መስመር ገፋችና "ይቺማ ቀላል ናት" አለች።

መብራቱን አስጠጋሁላት።

"እሷኑ ድገሚያት" አልኳት።