ስትነቃ እዚሁ ነኝ

መርዶው እዚህ ጅግጅጋ የደረሰኝ አጎቴ ከተቀበሩ ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ነው። ነቀምቴ ወዳላችሁት ወደ እናንተ ወደ ቤተሰቦቼ በደወልኩ ቁጥር «ትንሽ አሟቸዋል፣ ጸልዪላቸው» ስትሉኝ ነበር። እኔም ጾሜ ጸለይኩ፤ መቃብር ለወረዱ ሰው ፈውስ ስለምን ከረምኩ። ማዘን ብቻ አይደለም፣ ተናድጃለሁ።

እሳቸው እኮ በሽተኛን አይዋሹም ነበር። የአእምሮ ሕሙማን ከሲሬና ከቢላ በገመድ ታስረው በሚመጡበት ዘመን የነቀምቴ ሆስፒታል ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት ነበሩ። መጀመሪያ ገመዱን ያስፈታሉ። መድኃኒቱ እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ ከአንድ ሐኪም በተማሩት ሂፕኖሲስ፣ አልጋው አጠገብ ከእንጨት ዱካቸው ላይ ተቀምጠው በለሆሳስ እያወሩ ያስተኟቸዋል። «አሁን ትተኛለህ። ስትነቃ እዚሁ ነኝ» ይሉታል እያንዳንዱን። ምሳቸው ቢቀርም ሰውየው ሳይነቃ ከዱካው አይነሡም።

ልጅ ሳለሁ ከሰንበት ትምህርት ስመለስ አንድ ቀን «አባባ፣ ይሄ ጥንቆላ አይደለም ወይ?» አልኳቸው። ሳቁብኝ።

«ኢንተላኮ፣ ልጄ፣ ጠንቋይ የሚያደርግሽን ይደብቅሻል። እኔ ቀድሜ እነግረዋለሁ። ካልነገርኩት አያምነኝም፤ ካላመነኝ ደግሞ አይተኛም።»

እናንተ «እንዳትደነግጥ» ብላችሁ ደበቃችሁኝ። አሁን «በሰላም ነው ያረፉት» ስትሉኝ እንዴት ልመን? ጡረታ ሲወጡ ቤት ይዘውት የገቡት ያ ዱካ ዛሬ ባዶውን ነው።

አጠገባቸው የነበራችሁ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ። ዓይናቸውን ሲከድኑ ዱካው ላይ የተቀመጠ ሰው ነበር? ካልነበረም፣ አልነበረም በሉኝ።