የብስ ላይ የታየው ነጥብ

ካምደን ባለው ቢሯችን የባሕር ኤሊዎችን በሳተላይት እንከታተል ነበር፤ ጀርባቸው ላይ የተለጠፈው መሣሪያ ያሉበትን ቦታ ስክሪን ላይ በነጥብ ያሳየናል። የብስ ላይ የወደቀ ነጥብ ካየን እንደ ስህተት ቆጥረን እንሰርዘዋለን።

አንድ ጠዋት የአንዷ ኤሊ ነጥብ የብስ ላይ ታየ። አለቃዬ «እንቁላል የምትጥልበት ጊዜ ገና ነው፤ ዲሊት አድርጊው» አለኝ።

ደሜ ፈላ። «ጊዜዋን የምታውቀው እሷ እንጂ እኛ አይደለንም! አልሰርዝም!» አልኩት።

ከሰዓት በኋላ ነጥቡ የታየበት የባሕር ዳርቻ ጠባቂ ደወለልኝ፤ እንቁላሎቿን አሸዋ ውስጥ አግኝቷቸዋል።

ፊንስበሪ ፓርክ ላለችው እናቴ ደውዬ «ኤሊዬ ወለደች» አልኳት።

«እንኳን ማርያም ማረቻት! አራስ ብቻዋን አትተውም፤ ማን አለ አጠገቧ?» አለችኝ።

ስክሪኑን አየሁ፤ ነጥቡ ወደ ባሕር ተመልሷል።

«እኔ አለሁ» አልኳት።