ጉድጓድ ውስጥ የቆየው ወይን

ባለፈው ሳምንት አብራኝ ስታስተምር የኖረች ጓደኛዬ ጡረታ ወጣችና ሆሳዕና ውስጥ አዲስ ከተከፈቱት ሆቴሎች በአንዱ ምሳ ጋበዘችኝ። ከአጠገባችን አራት ወጣቶች ተቀምጠዋል። አስተናጋጁ ቀይ ወይን ጠጅ ከፍቶ ለአንደኛው ጠብ አደረገለትና ቆሞ ጠበቀ። ልጁ ብርጭቆውን አዟዟረው፣ አፍንጫውን ከተተበት፣ ከዚያም ዓይኑን ጨፈነ። ጓደኞቹ ሳቁበት። «ጠጣው እንጂ፣ ሽቶ መሰለህ እንዴ?» አለው አንዱ። አስተናጋጁም ሳቁን መያዝ አቅቶት ጣሪያ ጣሪያውን አየ።

እኔ ግን አልሳቅሁም። ጉርሻዬን በእጄ እንደያዝሁ አፍጥጬ ቀረሁ። «አስቴር፣ ልጁን እኮ አስደነገጥሽው» አለችኝ ጓደኛዬ። በዕድሜዬ አንድ ጠብታ ወይን ቀምሼ አላውቅም፤ በጴንጤ ቤት አድጌ፣ በጴንጤ ቤት አርጅቻለሁ። ነገር ግን አንድ ቀን አንድ ሰው ወይን ሲቀምስ ከጎኑ ቆሜ አስተርጉሜያለሁ። የዚያን ቀን ቃል ብስት ኖሮ የወንድሜ ነገር በዚያው ያበቃ ነበር።

ያኔ የእንግሊዝኛ መምህርት ሆኜ ከተቀጠርሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሆሳዕና ተከራይቼ እኖርና ቅዳሜ ሌሞ ወዳለው ቤታችን እወርዳለሁ። ቤታችን ከዋናው መንገድ በእግር ግማሽ ሰዓት ያስኬዳል። በበጋ ጋሪ ይገባል፤ በክረምት ግን ጭቃው ጫማ ያወልቃል። አባቴ የጸሎት ቤት ሽማግሌ ነበር። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማቾች በመሬት ሲካሰሱ፣ ሰው የሚመጣው ወደ እሱ ነው። አማርኛ አሳምሮ ቢችልም ከባድ ነገር ሲመጣ የሚናገረው በሀዲይኛ ብቻ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ደሳለኝ የእርሻ ትምህርት ሊማር ፈረንሳይ ሄደ። አባቴ ልጁ ሲመለስ እንዲያገባት ብሎ የአንድ የተከበሩ ጎረቤታችንን ልጅ በሽማግሌ ጠየቀለት። ደሳለኝም በስልክ ሲነገረው «እሺ፣ እናንተ እንዳላችሁ» ብሎ ነበር። ይህ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሰው ፊት እምቢ ማለት አያውቅም፤ እምቢታውን የሚያሳውቀው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ቤተሰቦቿ እሺ ባሉ በወሩ ደወለና ክሌር የምትባል ፈረንሳዊት ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ማግባቱን ተናገረ።

አባቴ ስልኩን ዘጋ። ዱላውን ይዞ ወደ ልጅቷ አባት ቤት ሄደና ሰው ሲያስታርቅ የኖረው ሰው ራሱ ይቅርታ ጠያቂ ሆኖ ተንበረከከ። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። «ደሳለኝ በዚህ በር አይገባም» አለ፣ ሰው በተሰበሰበበት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ቃሉን የሚያጥፍለት አልተገኘም። ወንድሜ በሦስተኛው ዓመት ብቻውን መጥቶ እስኪመሽ በር ላይ ቆመና ተመልሶ ሄደ። እናቴ ያን ቀን ሙሉ ከኩሽና አልወጣችም።

በአምስተኛው ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ደሳለኝ ከአማቱ ጋር መጣ። ክሌር ነፍሰ ጡር ስለነበረች ቀርታለች። ኪራይ ቤቴ ቁጭ ብሎ ጉዳዩን ነገረኝ። «አንቺ ይዘሻቸው ግቢ። እኔ መንገዱ ላይ እጠብቃለሁ። የሚወለደው ልጅ አያት ያለው ሆኖ ይወለድ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ሌላ ሰው ያስተርጉም። እኔ አባባ ፊት ድምፄ አይወጣም» አልሁት።

«ሌላማ ማን አለ? እኔ እንዳልገባ» አለ።

አማቱ፣ ሙሴ አንድሬ፣ ረጅም፣ ትከሻቸው የጎበጠ ሽማግሌ ነበሩ። እንግሊዝኛቸው ከተማሪዎቼ አይሻልም። መኪናው ከዋናው መንገድ በታች አልወርድም ሲል ፈረስ ጠራሁላቸው፤ እምቢ አሉ። በሱፍ ሻርፕ የተጠቀለለ ጠርሙስ በሁለት እጃቸው አቅፈዋል። መናጥ የለበትም አሉኝ። ያን ሁሉ ጭቃ እንደ አራስ ልጅ አቅፈውት ተጓዙ። በአጥር ላይ ያዩን ሴቶች የሚጸለይበት ዘይት መስሏቸው «ፈረንጁ ማንን ሊቀባ ነው?» እያሉ ሲጠያየቁ እሰማለሁ። ደሳለኝ መኪናው አጠገብ ቆሞ ቀረ። ሰማዩ ጠቁሯል።

አባቴ እንግዳውን ቆሞ ተቀበለ። እንግዳ እንግዳ ነው፤ እሱ ላይ ጥላቻ አልነበረውም። አጠገቡ ታላቅ ወንድሙ፣ አጎቴ ላሬቦ፣ ተቀምጧል። አጎቴ በጸሎት ቤት ሥርዓት ጉዳይ ከአባቴም የባሰ ነበር። እናቴ ከቡላ፣ ከቅቤና ከወተት የተሠራ አተካና አቀረበች። ሙሴ አንድሬ ሳህኑን ጠርገው በሉ። ስለ መንገዱ፣ ስለ ዝናቡ ተጠያየቅን፤ የደሳለኝን ስም ያነሳ ግን አልነበረም። ሳህኑ ሲነሳ ሻርፑን ፈቱና ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አቆሙት።

«ምንድን ነው?» አለ አጎቴ።

«የወይን ጠጅ ነው» አልሁ።

«የሚያሰክረው?»

«አዎ።»

አጎቴ ወደ አባቴ ዞረ። «ይኸው፤ ልጅህ አማቱን በምን እንደላካቸው አየህ?»

ሙሴ አንድሬ ምን እንደተባለ እንድነግራቸው ዓይን ዓይኔን አዩኝ። እንግሊዝኛው ሁሉ ከጭንቅላቴ ጠፋ። በዚህ ቤት አይጠጣም ብቻ አልኋቸው። አንገታቸውን ነቀነቁና በዝግታ፣ ቃል እየፈለጉ፣ ማስረዳት ጀመሩ። ወይኑን የገዙት ልጃቸው በተወለደች ዓመት ነው። ሠላሳ ዓመት ቤታቸው ሥር ካለው ጨለማ ቦታ አስቀምጠውታል። ያንን ከምድር በታች ያለ ክፍል ምን ብዬ ልጥራው? ቃል ቸገረኝና «ጉድጓድ ውስጥ» አልሁ።

አባቴ ቀና አለ። በእኛ አገር ጉድጓድ ውስጥ የሚቀመጥ ነገር አንድ ነው፦ ቆጮ። ቆጮ በኮባ ተሸፍኖ፣ ድንጋይ ተጭኖበት ይቀበራል፤ በቆየ ቁጥር ለክቡር እንግዳ ይሆናል።

«ሠላሳ ዓመት?» አለ አባቴ። «ኮባውን ማን ይለውጥላቸው ነበር?»

ኮባውን ቅጠል ብዬ ተረጎምሁት። ሙሴ አንድሬ ግራ ገባቸው። ቅጠል የለም፣ አንዴ ከተቀመጠ አይነካም አሉ። ይህንን ስነግራቸው አባቴ ወደ እናቴ ዞረ። የጉድጓድ ነገር በእኛ ዘንድ የሴት ሙያ ስለሆነ እሷን መጠየቁ የተገባ ነበር።

«ሳይነካ ሠላሳ ዓመት ይቆያል?»

«እኔ የማውቀው ቆጮን ነው» አለች እናቴ ከቆመችበት። «ቆጮ ካልጎበኙት ይበላሻል። የሳቸውን ግን ራሳቸው ቀምሰው ይንገሩን እንጂ።»

ሙሴ አንድሬ ይህ ሲተረጎምላቸው «እውነታቸውን ነው» አሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ጠረጴዛው ላይ ተክለው የቀረውን ተናገሩ። ጠርሙሱን ያስቀመጡት በልጃቸው ሠርግ ቀን ከባሏ አባት ጋር ሊከፍቱት ነበር። ነገር ግን ሠርግ አልተጠሩም። ለእሳቸውም የተነገራቸው በስልክ፣ ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው።

«ለሳቸውም?» አለኝ አባቴ።

«ለሳቸውም።»

አባቴ ፈረንጁን ያን ጊዜ ገና ያየ መሰለኝ።

«ተናድጄ አምስት ዓመት ሳልከፍተው ቆየሁ» አሉ ሙሴ አንድሬ። «አሁን ደኅና ይሁን የተበላሸ አላውቅም። እርስዎ ፊት ቀምሼ እውነቱን እነግርዎታለሁ።»

ከኪሳቸው መክፈቻ አወጡ። ቡሹ ግማሽ መንገድ ላይ ተሰበረ። የቀረውን በብዙ ትግል አወጡትና እናቴ ባመጣችው የውሃ ብርጭቆ ቀስ አድርገው ቀዱ። እኔ ደም የመሰለ ቀይ ጠብቄ ነበር፤ ጠርዙ ግን የሸክላ መልክ ነበረው። አዟዟሩት፣ አሸተቱት፣ ከዚያም ብርጭቆውን ወደ አባቴ ዘረጉ። «ማሽተት መጠጣት አይደለም» አሉ።

አጎቴ አባቴን ትኩር ብሎ አየው። አባቴ ብርጭቆውን ተቀበለና ወደ አፍንጫው አስጠጋው። «አፈር አፈር ይላል። ጉድጓድ ሲከፈት እንደሚሸተው» አለ። ስተረጉምላቸው ሙሴ አንድሬ ራሳቸውን ነቀነቁ። ለእሳቸውም የረጠበ ቅጠልና አፈር ሸቷቸዋል።

ከዚያ ጎንጨት አሉ። አልዋጡትም። አፋቸው ውስጥ እያገላበጡ አየር ሲስቡበት የሚሰማው ድምፅ ቤቱን ሞላው። በድንገት ብድግ አሉና ወደ በሩ ሄደው ግቢው ውስጥ ተፉት።

አጎቴ ተነሳ። «ወንድሜ ቤት ገብቶ፣ ዘመዱ ፊት ይተፋል?» ዱላውን አነሳ፤ ሊወጣ ነው። በእኛ ዘንድ በዝምድና ላይ የቀመሱትን መትፋት ዝምድናውን መትፋት ነው። አጎቴ ከወጣ ደግሞ አባቴ ተከትሎት እንደሚወጣ አውቃለሁ። ሮጬ በሩ ላይ ደረስሁና «ለምን ተፉ?» አልኋቸው፣ እንደ ተማሪ ተቆጥቼ። የመለሱልኝን ተረጎምሁት፦

«በማይጠጣበት ቤት አልውጥም፤ አክብሬ ነው ይላሉ።»

አጎቴ ዱላውን መልሶ ግድግዳው ላይ አስደገፈና ተቀመጠ። ጣሪያው ላይ ዝናብ መውረድ ጀምሯል።

«እሺ፣ ወይኑስ?» አለ አባቴ።

ሙሴ አንድሬ አፋቸውን በመሐረብ ጠረጉ። «አልሞተም» አሉ። «ጥሩ ወይን እንደነበረ ይታወቃል። ግን ጊዜው አልፏል። ጊዜው ያኔ፣ ሲጋቡ ነበር።»

አባቴ እንደ ልማዱ፣ በሽምግልና ላይ እንደሚጠይቀው አድርጎ ጠየቀ። «ጥፋቱ የወይኑ ነው ወይስ የሳቸው?»

ስተረጉምላቸው ሙሴ አንድሬ ፈገግ ለማለት ሞከሩና አልሆነላቸውም። «የኔ ነው። ወይኑማ ጠብቆኝ ነበር።»

ይህችን ዐረፍተ ነገር ወደ ሀዲይኛ ስመልስ እንባዬ መጣ። ከዚያ እናቴ፣ በሽማግሌ ፊት ሳትጠየቅ ተናግራ የማታውቀው እናቴ፣ «አንተስ?» አለች። «ልጅህ ዝናብ ላይ ቆሟል።»

አጎቴ «ቃሉስ?» አለ።

አባቴ ዱላውን ይዞ ተነሳ። «ቃሉን የተናገርሁት እኔ ነኝ። እኔው ሄጄ አነሳዋለሁ» አለ። ከዚያም «የደሳለኝ እናት፣ ጋቢዬን አቀብይኝ» አላት። በእኛ ሴት የምትጠራው በበኩር ልጇ ስም ነው፤ አባቴ ግን እነዚያን አምስት ዓመታት በእኔ ስም ነበር የሚጠራት። እናቴ ጋቢውን ስታቀብለው ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነበር።

እኔ ከኋላው ተከተልሁ። ዱላውን እየተከለ፣ አንድ ሁለቴ እየተንሸራተተ፣ ያን ጭቃ ወጣው። ደሳለኝ ከመኪናው አጠገብ አልተነቃነቀም ነበር፤ መኪናው ውስጥ እንኳ አልገባም። አባቱን ሲያይ ሊንበረከክ ጎንበስ አለ። አባቴ ክንዱን ያዘውና ጋቢውን አውልቆ አለበሰው። «በስብሰሃል» አለው። የቀረውን ወይን ሙሴ አንድሬና ወንድሜ ሆቴላቸው ወስደው የጨረሱት ይመስለኛል፤ አልጠየቅሁም።

ከሆቴሉ ወጥተን ወደ ቤት ስንመለስ ለጓደኛዬ ይህንን ሁሉ ነገርኋት። «ተመስገን፣ ታርቀዋላ» አለች። ታርቀዋል። አባቴ የልጅ ልጁን አቅፏል፤ ከጣቱ ላይ ቅቤ አስልሷታል። ግን ከዚያ በኋላ የኖረው ሁለት ክረምት ብቻ ነው። ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ ይቅር ባይነቱን እያነሳ ሲያመሰግነው፣ ደሳለኝ ጎትቶ ወደ ጓሮ ወሰደኝና «አምስቱን ዓመት ማን ይመልስልኛል?» አለኝ።

«አንቺስ በአባትሽ ቂም የለሽም?» ብላ ጠየቀችኝ ጓደኛዬ፣ ከደጄ ስንደርስ። አባቴን እወደዋለሁ። እንደ እሱ ያለ ሰው አላየሁም። ለነዚያ አምስት ዓመታት ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላልሁትም፤ እንዳልነግረው ደግሞ ሞቷል።